ወላጁ የሚለዋወጥ መዝገብ፦ የወልቂጤና የቡታጅራ የአስተዳደር ታሪክና የተሰካካ መረጃ በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የሚቀርብበት ዘዴ

አንድ የትምህርት ዕቅድ ሠራተኛ የጉራጌ ዞንን የተማሪዎች ብዛት በየዓመቱ አሰልፎ ሠንጠረዥ ቢያዘጋጅ፣ ወደ 2016 ዓ.ም. ሲደርስ ቁጥሩ ማሽቆልቆሉ አይቀርም። ምክንያቱን ያላጠና አንባቢ ልጆች ትምህርታቸውን አቋርጠዋል፣ ወይም ወላጆች አካባቢውን ለቀዋል ብሎ ሊደመድም ይችላል። በዚህ ድምዳሜ ላይ ተመሥርቶም የመጻሕፍት ድልድል ይቀነሳል፤ የመምህራን ቅጥር ይታጠፋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ፈርሶ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም፣ ቡታጅራና በዙሪያዋ ያሉ የመስቃንና የሶዶ አካባቢዎች ከጉራጌ ዞን ተለይተው ምሥራቅ ጉራጌ በሚባል አዲስ ዞን ሥር ሆኑ። ተማሪዎቹ ከወንበራቸው አልተነሡም፤ የተለወጠው በላያቸው የተጻፈው ስም ነው።

ይህ ዓይነቱ ስሕተት የሚመጣው ከቆጣሪው ስንፍና አይደለም። የሚመጣው መዝገቡ ከተዘጋጀበት መንገድ ነው። ስለሆነም ቀጥሎ የሚቀርበው ታሪክ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው የሁለት ከተሞች የአስተዳደር ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰካካ መረጃን ለመያዝና ለማሳየት የተደረገው ጥረት ታሪክ ነው። የኋለኛው ዛሬ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ አማካይነት በየመሥሪያ ቤቱ ስክሪን ላይ ደርሷል።

የሁለቱ ከተሞች ወላጆች

ከአብዮቱ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወልቂጤና ቡታጅራ ሁለቱም በሸዋ ውስጥ ቢሆኑም፣ በአንድ አውራጃ ሥር አልነበሩም። ወልቂጤ የምትቆጠረው ዋና ከተማው ወሊሶ በነበረው በጨቦና ጉራጌ አውራጃ ሲሆን፣ ቡታጅራ ደግሞ የስሙ ተካፋይ በሆነችበት በሃይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ውስጥ ነበረች። የአውራጃው ስም ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ቡታጅራ በዚያ ዘመን ትታይ የነበረው ወደ ምሥራቅ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጋር እንጂ ወደ ምዕራብ ከወልቂጤ ጋር አልነበረም። በመካከላቸው የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት ተጋርዷል፤ ሁለቱ ከተሞች ከአዲስ አበባ የሚደርሱባቸው መንገዶችም የተለያዩ ናቸው።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አውራጃዎቹ ቀሩ። በሽግግሩ ዘመን ከተከለሉት ክልሎች አምስቱ ተዋሕደው የደቡብ ክልል ሲመሠረት፣ ሁለቱ ከተሞች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ተሰባሰቡ፤ የዞኑም መቀመጫ ወልቂጤ ሆነች። ይህ አደረጃጀት ግን እንደጸና አልቆየም። በ1993 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ስልጤ ከጉራጌ ዞን ወጥቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ቀደም ሲል መስቃንና ማረቆ እየተባለ በአንድነት ይጠራ የነበረውም ወረዳ ተከፈለ። በመጨረሻም ከላይ የተጠቀሰው የ2015 ዓ.ም. ለውጥ መጣ፤ በአዲሱ ክልል ውስጥ ቀቤናና ማረቆ ልዩ ወረዳዎች ሲሆኑ፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች።

እንግዲህ በአንድ መምህር የአገልግሎት ዘመን ውስጥ፣ ቡታጅራ ውስጥ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ከሥፍራው ሳይነቃነቅ በሃይቆችና ቡታጅራ አውራጃ፣ በጉራጌ ዞንና በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሥር ተቆጥሯል። በላይኛውም እርከን ሸዋን፣ ደቡብ ክልልንና ማዕከላዊ ኢትዮጵያን አሳልፏል። የለውጦቹ ተገቢነት በዚህ ሥፍራ አይመረመርም። ለመዝገብ ሠራተኛ የሚበቃው ቁም ነገር፣ ለውጡ እንግዳ ደራሽ ሳይሆን የታሪኩ መደበኛ ጠባይ መሆኑን ማወቅ ነው።

የቡታጅራ የቤተሰብ መዝገብ

ተለዋዋጭ የሆነን ነገር እንዴት መመዝገብ እንደሚቻል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ቡታጅራ በዚህ ረገድ በዓለም የጤና ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን አገር የሚገኘው የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የተባለውን ጥናት መሠረቱ። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌዎች ተመርጠው ከ28 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ቤት ለቤት ተቆጠረ፤ ከተከታዩ ዓመት ጀምሮም በየጊዜው ቤቶቹን እየጎበኙ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻን፣ ወደ ቀበሌው መግባትንና ከቀበሌው መውጣትን መመዝገብ ተያያዙ። ከጥናቱ አንቀሳቃሾች መካከል ዶክተር ደስታ ሻሜቦ ይገኙበታል። ጥናቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀጥሎ ለበርካታ የዶክትሬት ሥራዎችና ለዓለም አቀፍ ጽሑፎች ምንጭ ሆኗል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ትልቁ ነገር የመዝገቡ አሠራር ነው። ሰው በቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ቤተሰብ በቤት ውስጥ፣ ቤት በቀበሌ ውስጥ ይገኛል። አንዱ ሌላውን የሚጠቀልል ይህ አደረጃጀት ልክ እንደ እንሰት ግንድ ነው፤ የውጭው ሽፋን ሲገለጥ ሌላ ሽፋን ይገኛል። ሆኖም ሰው እንደ እንሰት ቅጠል በአንድ ሥፍራ ተተክሎ አይቀርም። ልጃገረድ ታገባለች፤ ጎልማሳ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አያት ወደ ልጃቸው ቤት ይገባሉ። መዝገቡ ሰውን በቤቱ ገጽ ላይ ብቻ ጽፎ ቢተወው ኖሮ፣ ሰውየው ቤት ሲለውጥ የቀድሞ ታሪኩ ከገጹ ጋር ይቀር ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መለያ ተሰጥቶት፣ የሚኖርበት ቤት ደግሞ ቀን ተጽፎበት እንደ አንድ ሁኔታ ተመዘገበ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ በሌላው። በእንዲህ ያለ መዝገብ ማን የትኛው ቤት እንደነበረ ለማንኛውም ቀን መልሶ ማወቅ ይቻላል። አንድ ሰው ከቀበሌው መውጣቱ ከመሞቱ ጋር አይቀላቀልም፤ ሞት ባልሆነው ላይ ሞት አይጻፍም።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ብዙዎቹ የትምህርት መዝገቦች ድክመት አለባቸው። የአንድ ትምህርት ቤት ስም በተጻፈበት መስመር ላይ ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ዞኑና ክልሉ አብረው በየዓምዱ ይጻፋሉ። ይህ ልማድ ምናልባት ከሰው ስም አጻጻፍ የተወረሰ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ባህል ሰው የሚመዘገበው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ከዚህም በላይ ዝምድና ሲጠራጠር ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል። የሰው ሐረግ እንዲህ ቢጻፍ ጉዳት የለውም፤ የሰው አያት አይለወጥምና። የትምህርት ቤት አያት ግን ይለወጣል። ወረዳው የትምህርት ቤቱ አባት፣ ዞኑ አያቱ ነው ብንል፣ በ2015 ዓ.ም. ቡታጅራ ያሉት ትምህርት ቤቶች በሙሉ አያታቸው ተለወጠ ማለት ነው። አያቱ በየመስመሩ ከተጻፈ በየመስመሩ መሰረዝ ይኖርበታል፤ አንዱ መስመር ተሰርዞ ሌላው ሲዘነጋም ያው አንድ ከተማ በሁለት ዞን ውስጥ ይገኛል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ መስመር የቅርብ ወላጁን ብቻ ይያዝ። ትምህርት ቤት ወረዳውን ወይም የከተማ አስተዳደሩን ይጥቀስ፤ ወረዳው ዞኑን፣ ዞኑ ክልሉን ይጥቀስ። ቡታጅራ ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው ስትዛወር የሚለወጠው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል፤ በሥሯ ያሉት ትምህርት ቤቶች፣ የክፍል ደረጃዎችና ተማሪዎች ሁሉ ሳይነኩ ይከተሏታል።

ነገሩ በዓለም ዘንድ እንዴት መጣ

ይህን ብልሐት በኮምፒዩተር ዓለም ውስጥ ለማጽናት ጊዜ ወስዷል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አይቢኤም የተባለው ኩባንያ የአፖሎን መንኮራኩር የሥራ ዕቃዎች ዝርዝር ለመያዝ አይኤምኤስ የሚባለውን የመረጃ ቋት ሲያዘጋጅ፣ መረጃው በዛፍ መልክ እንዲቀመጥ አድርጎ ነበር። መንኮራኩር ክፍሎች አሉት፤ ክፍሎቹም ንዑስ ክፍሎች አሏቸው፤ እያለ እስከ ብሎኑ ይወርዳል። ነገር ግን መረጃው በዛፍ ቅርጽ በተቀመጠ ቁጥር ፕሮግራሙ ሁሉ በዚያ ቅርጽ ይታሰራል፤ ቅርጹ ሲለወጥ ፕሮግራሙ ይፈርሳል። እዚያው አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ጥገኝነት ነቀፈና፣ መረጃ በተራ ሠንጠረዥ ተይዞ ዝምድናው በመለያ እንዲገለጽ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራባቸው አብዛኞቹ የመረጃ ቋቶች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ የሚቀረው ችግር የማሳየት ችግር ነው። መረጃው በጠፍጣፋ ሠንጠረዥ ተቀምጧል፤ አንባቢው ግን ማየት የሚፈልገው ክልል፣ በውስጡ ዞን፣ በውስጡ ወረዳ፣ በውስጡ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው። ቲም በርነርስ-ሊ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የፈጠረው የድረ ገጽ ጽሕፈት፣ ኤችቲኤምኤል፣ ለዚህ ዓይነቱ አቀራረብ የተመቸ ነው። እያንዳንዱ የገጽ ክፍል የመክፈቻና የመዝጊያ ምልክት ያለው ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ሌላ ክፍል ይገባል፤ በዚያም ውስጥ ሌላ። መጀመሪያ ላይ ግን ይህ ሁሉ በሰው እጅ የሚጻፍ ነበር። በእጅ የተጻፈ ገጽ እንደ ታተመ መጽሐፍ ነው፤ አንድ ከተማ ዞን ሲለውጥ ገጹን የጻፈው ሰው መጥቶ ካላረመው በቀር የቀድሞውን ሲናገር ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1995 ብሬንዳን አይክ ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ውስጥ በዐሥር ቀን ያህል ጃቫስክሪፕትን ሠራ። በዐሥር ቀን የተሠራ ነገር ጉድለት አይታጣውም፤ ጃቫስክሪፕትም አልታጣውም። ቢሆንም አንድ ታላቅ ጥቅም አስገኘ፤ ገጹ ለአንባቢው ከደረሰ በኋላ በአንባቢው ኮምፒዩተር ውስጥ እንዲሠራና ራሱን እንዲለውጥ አስቻለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮንሶርቲየም ዶም የተባለውን ስምምነት የመጀመሪያ ደረጃ ሲያጸድቅ፣ ገጹ በኮምፒዩተሩ አእምሮ ውስጥ እንደ ዛፍ የሚታይበትና ክፍሎቹ የሚፈጠሩበት፣ የሚሰካኩበትና የሚነቀሉበት ሥርዓት አንድ ወጥ ሆነ። በዚህ ስምምነት ውስጥ የገጹ ክፍሎች ወላጅና ልጅ እየተባሉ መጠራታቸው ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም።

ሥራው እንዴት ይከናወናል

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን አጭር ሠንጠረዥ እንውሰድ። የመጀመሪያው ዓምድ መለያ ቁጥር፣ ሁለተኛው ስም፣ ሦስተኛው የወላጅ መለያ ነው።

41 — ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል — ባዶ
17 — ጉራጌ ዞን — 41
63 — ምሥራቅ ጉራጌ ዞን — 41
8 — ወልቂጤ ከተማ አስተዳደር — 17
9 — ቡታጅራ ከተማ አስተዳደር — 63

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተሰጡ ናቸው፤ ሆን ተብሎም ያለ ትርጉም ተመርጠዋል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ዞኑን በመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች፣ ወረዳውን በተከታዮቹ ሁለት እያደረገ መለያን ከወላጅ ጋር ያስተሳስራል። ይህ ለፋይል መደርደሪያ የሚመች ሲሆን ለታሪክ ግን አይመችም። ከተማው ዞን ሲለውጥ ወይ መለያው ይዋሻል፤ ወይ ይለወጥና ከቀድሞ መረጃው ጋር ያለው ዝምድና ይበጠሳል።

ፕሮግራሙ ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ ይመላለስበታል። በመጀመሪያው ዙር ለእያንዳንዱ መለያ የልጆች መያዣ ከፍቶ፣ እያንዳንዱን መስመር በወላጁ መያዣ ውስጥ ይጨምራል። በሁለተኛው ዙር ወላጁ ባዶ ከሆነው መስመር ይነሣና ክሬት ኤለመንት በተባለው ትእዛዝ አንድ የገጽ ክፍል ይፈጥራል፤ ስሙን ይጽፍበታል፤ ከዚያም ለልጆቹ አንድ በአንድ ያንኑ ሥራ እንዲሠራ ራሱን መልሶ ይጠራል። እያንዳንዱ ጥሪ የሚመልሰውን የተሟላ ክፍል አፔንድ ቻይልድ በተባለው ትእዛዝ በወላጁ ውስጥ ይሰካዋል። ልጅ የሌለው ሲገኝ ጥሪው ይቆማል። ፕሮግራሙ ስንት እርከን እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልገውም፤ በዞንና በወረዳ መካከል ነገ አዲስ እርከን ቢገባ አንድ ፊደል አይለወጥበትም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል። ብዙ ጀማሪዎች ለክልል አንድ ዑደት፣ በውስጡ ለዞን ሌላ ዑደት፣ በውስጡም ለወረዳ ሦስተኛ ዑደት ይጽፋሉ። ለጊዜው ይሠራል። ነገር ግን ልዩ ወረዳ የሚባል አለ። ቀቤናና ማረቆ በቀጥታ ተጠሪነታቸው ለክልል በመሆኑ፣ ከክልሉ ቀጥሎ ዞን ብቻ ይጠብቅ የነበረው ፕሮግራም ወይ ይስታቸዋል ወይ ዞን ያደርጋቸዋል። በቁጥር የተወሰነ ቅርጽ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከሰባት ቤት ጉራጌ ስያሜ መረዳት ይቻላል፤ ስሙ ሰባት ይላል፤ ቤቶቹ ሲዘረዘሩ ግን ቆጣሪው ሁሉ አንድ ዓይነት ዝርዝር አይሰጥም። በገጹ ላይ አስቀድሞ ሰባት ሣጥን የሣለ ሰው ስምንተኛውን የት ያኖረዋል?

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሁለት ብልሽቶች አሉ። አንደኛው ክብ መሥራት ነው፤ በጽሕፈት ስሕተት ሀ የለ ልጅ፣ ለ ደግሞ የሀ ልጅ ተብሎ ከተመዘገበ ሁለቱም ከሥሩ ይቆረጡና ከገጹ ይጠፋሉ፤ ከእነርሱ የተነሣ ጥሪ ደግሞ ማብቂያ አያገኝም። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ድምፅ የለውም። የአንድ ትምህርት ቤት የወላጅ መለያ በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ ቁጥር ሆኖ ሲገኝ፣ ፕሮግራሙ አይጮኽም፤ ትምህርት ቤቱም በማንም ሥር ስላልተሰካ በገጹ ላይ አይታይም። ድምሩም ያለ እርሱ ይደመራል። ወረዳ ሲከፈልና የቀድሞው መለያ ሲሰረዝ ይህ ዓይነቱ ወላጅ አልባ መስመር በርከት ብሎ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ስለሆነም ጥሩ ፕሮግራም ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ከሠንጠረዡ ያነበባቸውን መስመሮች በገጹ ላይ ከሰካቸው ክፍሎች ጋር ያመሳክራል፤ ወላጅ ያጡትንም ከገጹ አናት ላይ ለብቻቸው ዘርዝሮ ሠራተኛው እንዲያያቸው ያደርጋል። ይህን ለመጨመር የሚፈጀው ከጥቂት መስመር ትእዛዝ አይበልጥም። የሚያድነው ግን ለመጻሕፍት ወረፋ የሚጠብቅ ሙሉ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

ወላጅን በቁጥር ሳይሆን በስም ማገናኘትም ያው ጉዳት አለው። ቡታጅራና ቡታጂራ፣ ምሥራቅና ምስራቅ ለሰው አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ናቸው። መምህራን ይህን ከሮስተር ያውቁታል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች እስከ አባት ስም ተመሳስለው ሲገኙ የሚለያቸው ቁጥር ነው።

የፊደሉ ጉዳይ

የቦታ ስሞች በቋንቋው ተናጋሪዎች አነባበብ ይጻፉ ሲባል ደግሞ የፊደል ጥያቄ ይነሣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋዎች የሚጠይቋቸው ተጨማሪ ፊደላት ግን ያን ጊዜ አልተካተቱም፤ ከፊሎቹ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ሌሎቹ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ተጨመሩ። ዘግይተው በመምጣታቸው የተሰጣቸው ቁጥር ከዋናው ፊደል ተርታ ውጭ ነው። በመሆኑም ስሞችን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል የሚደረድር ፕሮግራም እነዚህን ፊደላት ከቤተ ዘመዳቸው ለይቶ ከፐ በኋላ ያኖራቸዋል። በ2021 የተጨመሩት ላይ ሌላም ችግር አለ፤ ቁጥራቸው ትልቅ ስለሆነ ጃቫስክሪፕት እያንዳንዳቸውን እንደ ሁለት አሐድ ይቆጥራቸዋል፤ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ውሰድ ቢባልም ግማሹን ቆርጦ ያመጣል። ቋንቋው ይህን የሚያርም መሣሪያ ስላለው የሚቀረው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ትኩረት ነው።

በአገራችን ያለው ሥራ

በጃቫስክሪፕት የሚሰካካ ትልቅ የአስተዳደር ዛፍ በኢትዮጵያ ውስጥ በሰፊው የታየው በጤናው ዘርፍ ነው። የጤና ሚኒስቴር ለየወሩ የጤና ሪፖርት ሥራ ያዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተገኘና ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ነው። በስክሪኑ ጎን የሚታየው የተቋማት ዛፍ እዚህ እንደተገለጠው ከመረጃ የሚሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ተቋም ወላጁን ይጠቅሳል፤ ሠራተኛው አንዱን ክፍል ሲጫን ልጆቹ ከመረጃ ቋቱ ተጠርተው በሥሩ ይሰካሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለማምጣቱ፣ የስልክ መስመር በሚቆራረጥበት ወረዳ ላይ የሚታይ ጥቅም አለው። ያው ሥርዓት በጋምቢያና በኡጋንዳ ለትምህርት መረጃም ተሞክሯል።

የቡታጅራው መዝገብ ግን ከዚህ ሥርዓት በአንድ ነገር ይበልጣል። በዲኤችአይኤስ 2 አንድ ተቋም ወደ ሌላ ወላጅ ሲዛወር ዛፉ የሚያውቀው የአሁኑን ወላጅ ብቻ ነው፤ የኋላ ዓመታት ድምርም በአዲሱ ዛፍ መሠረት እንደገና ይሰላል። ይህ አንዱን ስሕተት ሲያርም ሌላውን ይወልዳል። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው የሐሰት ማሽቆልቆል አይታይም፤ ይልቁንም በ2010 ዓ.ም. ምሥራቅ ጉራጌ ዞን የነበረ ይመስላል። በዚያን ጊዜ በወልቂጤ ታትሞ የወጣ የዞን ሪፖርት ከስክሪኑ ጋር ሲመሳከር ቁጥሩ አይገጥምም፤ የትኛው እንደተሳሳተም ከሁለቱ አንዱን በማየት ብቻ ማወቅ አይቻልም።

መፍትሔው ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ዓምድ መጨመር ነው፦ ከመቼ ጀምሮና እስከ መቼ። ለቡታጅራ ሁለት መስመር ይጻፋል፤ አንደኛው እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወላጇ ጉራጌ ዞን መሆኑን፣ ሁለተኛው ከዚያ ወዲህ ምሥራቅ ጉራጌ መሆኑን ይናገራል። በገጹ አናት ላይ አንባቢው ቀን የሚመርጥበት ሥፍራ ይደረጋል። ፕሮግራሙ ክፍሎቹን ከመስካቱ በፊት ከተመረጠው ቀን ጋር የማይገጥሙትን የወላጅነት መስመሮች ይተዋል፤ የቀረው ሥራ ሁሉ ከላይ እንደተገለጠው ነው። የ2010 ዓ.ም. ሪፖርት ሲፈለግ የ2010 ዛፍ፣ የ2016 ሲፈለግ የ2016 ዛፍ ከአንድ ሠንጠረዥ ይበቅላል። ዕቅድ አውጪው ሁለቱን ዓመታት ማነጻጸር ሲሻ ደግሞ፣ ለሁለቱም ዓመታት አንድ ዓይነት ዛፍ መርጦ በዚያው ላይ ይደምራል፤ የትኛውን ዛፍ እንደተጠቀመም በሠንጠረዡ ግርጌ ይጽፋል።

አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ትምህርት ቤት በወረዳው ብቻ ሳይሆን በጉድኝት ማዕከሉም ይቆጠራል፤ የአዲሱ ክልል ቢሮዎችም በሆሳዕና ብቻ ሳይወሰኑ በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በሌሎች ከተሞች ተደልድለዋል። አንድ ቢሮ በወልቂጤ ስለሚገኝ የወልቂጤ ልጅ አይሆንም፤ አንድ ትምህርት ቤትም ሁለት ወላጅ በአንድ ዛፍ ላይ ሊኖረው አይችልም። እነዚህን ዝምድናዎች በአንዱ የወላጅ ዓምድ ውስጥ ለማጨቅ የተሞከረ እንደሆነ ተማሪው ሁለት ጊዜ ይደመራል። ለጉድኝቱ የራሱ ዓምድና የራሱ ዛፍ፣ ለቢሮው መገኛ ደግሞ የቦታ ዓምድ ይበጅለታል፤ ክፍሎቹን የሚሰካው ፕሮግራም ለሁለቱም ዛፎች ያው አንዱ ነው፤ የትኛውን ዓምድ እንደ ወላጅ እንደሚያነብ ብቻ ይነገረዋል።